መሬት የቀበሩትን ለምን መልሶ ያወጣል? ስለ ውርጭ፣ ስለ ውኃና ስለሚነሡ መሠረቶች

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የብርዱ ወራት አልፎ በመሬት ውስጥ የሠራው በረዶ መቅለጥ ሲጀምር፣ በየዓመቱ ተመሳሳይ ወሬ ይሰማል። ድንጋዩ ተለቅሞ የጸዳ ማሳ ከወራት በኋላ እንደገና ድንጋይ ለብሶ ይገኛል፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ የአጥር ቋሚ ከጉድጓዱ ወጣ ብሎ ይዘማል፤ የበረንዳ እግር ከቤቱ ከፍ ብሎ ወለሉን ያጣምመዋል፤ አስፋልት አብጦ ይሰነጠቃል። ፎቶግራፎቹ ሲዘዋወሩ አብሯቸው የሚሄደው ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ መሬቱን ይገፋል የሚል ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መስፋቱ እውነት ስለሆነ ማብራሪያውን ሐሰት ነው ብሎ መጣል ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ከሚታየው ነገር አብዛኛውን አያስረዳም፤ ይባስ ብሎም ቤት ሠሪውንና መንገድ ሠሪውን ወደማይሠራ መፍትሔ ይመራል። መሬትን በዋናነት የሚያነሣው በአፈሩ ውስጥ አስቀድሞ የነበረው ውኃ መስፋት ሳይሆን፣ አዲስ ውኃ ከሥር እየተሳበ መጥቶ በበረዶው ላይ መጨመሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ክስተቱን «የውርጭ እብጠት» እያልን እንጠራዋለን።

ዘጠኝ በመቶው ብቻውን የማያደርሰው

ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ውስጥ 40 በመቶው ክፍተት ነው፣ ክፍተቱም ሙሉ በሙሉ ውኃ ይዟል እንበል። ይህ ሁሉ ውኃ አንዲት ጠብታ ሳታመልጥ በረዶ ቢሆንና መስፋቱም በሙሉ ወደ ላይ ቢሄድ፣ መሬቱ የሚነሣው 3.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በተግባር ግን 10 እና 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ የተነሣ መሬት ይገኛል። በሌላ በኩል ውኃ የጠገበ ንጹሕ ጠጠር በረዶ ይዞትም ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል፤ የሚሰፋው በረዶ ገና ያልረጋውን ውኃ በሰፋፊዎቹ ክፍተቶች በኩል ገፍቶ ያስወጣዋልና። መስፋት ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ውኃ የጠገበ አፈር ሁሉ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በተቀራራቢ መጠን መነሣት ነበረበት።

ጉዳዩን የለየው የአሜሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ የስቴፈን ቴበር ሙከራ ነው። ቴበር እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ባወጣቸው ጥናቶች አፈርን በውኃ ፈንታ ቤንዚን በተባለው ኬሚካል (የመኪናውን ነዳጅ ማለት አይደለም) አርሶ ቅዝቃዜ እንዲይዘው አደረገ። ይህ ፈሳሽ እንደ ውኃ አይደለም፤ ሲረጋ ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም። አፈሩ ግን ተነሣ። የሚኮማተር ፈሳሽ አፈርን ማንሣት ከቻለ፣ የማንሣቱ ጉልበት ከመስፋት ሊመጣ አይችልም ማለት ነው። በስዊድን ጉናር ቤስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ሰፊ ሥራ የመንገዶችንና የሐዲዶችን እብጠት አጥንቶ ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደረሰ። ከእነርሱ በኋላም ተመራማሪዎች ሂሊየምንና አርጎንን በመሳሰሉ፣ ሲረጉ በሚኮማተሩ ንጥረ ነገሮች ተመሳሳይ እብጠት አሳይተዋል። ማስረጃው ከዘጠና ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆኖ ሳለ የመስፋቱ ማብራሪያ እስካሁን አለመተካቱ የሚያስገርም ነው፤ ምናልባት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ መሆኑ ዕድሜውን አርዝሞለት ይሆናል።

ውኃው ከሥር እንዴት ይመጣል?

በአፈር ቅንጣትና በበረዶ መካከል ያልረጋ ስስ የውኃ ሽፋን አለ። ሽፋኑ በዓይን አይታይም፤ ውፍረቱ የሚለካው በናኖ ሜትር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የቅንጣቱ ገጽ ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቢወርድም ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። ከሽፋኑ ጥቂት ውኃ ተወስዶ በበረዶው ላይ በተጨመረ ቁጥር፣ የሳሳው ሽፋን የጎደለበትን ለመተካት በረዶ ካልደረሰበት ከታችኛው አፈር ውኃ ይስባል። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች እየሳበ ለነበልባሉ እንደሚያቀብል፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት ጠባብ መንገዶችም ውኃውን ከታች እየሳቡ ለበረዶው ያቀብላሉ። ጠባብ መንገድ ፈሳሽን ወደ ላይ የመሳብ ችሎታው ካፒላሪቲ ይባላል።

በዚህ አኳኋን የሚያድገው በረዶ በአፈሩ ክፍተቶች ውስጥ በእኩልነት አይበተንም። በአንድ ደረጃ ላይ ተሰብስቦ፣ አፈሩን ከላይና ከታች ከፍሎ፣ ንጹሕ የበረዶ ንጣፍ ይሆናል። መሃሉ ወፍሮ ዳርዳሩ ስለሚቀጥን «የበረዶ ሌንስ» ይሉታል። በብርዱ ወቅት ከተነሣ መሬት ላይ ቁራጭ አፈር ወስዶ በጎኑ የተመለከተ ሰው፣ ግራጫ የአፈር ንጣፍና እንደ መስታወት የጠራ የበረዶ ንጣፍ እየተፈራረቁ ተደራርበው ያያል። አንዳንዱ ሌንስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዳንዱ ከጣት ይወፍራል። የንጣፎቹ ውፍረት ሲደመር መሬቱ ከተነሣበት ከፍታ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ቴበር አሳይቷል፤ መሬቱ ያበጠው በዚያ ልክ በረዶ ስለገባበት ነው።

ሌንሱ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ የሚወፍረው ለምንድን ነው? አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በረዶ ሲሆን 334 ኪሎ ጁል የሚያህል ሙቀት ይለቃል። ከሥር የሚመጣው ውኃ እየረጋ የሚለቀው ሙቀት፣ ብርዱ ከላይ ከሚወስደው ሙቀት ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ፣ የበረዶው ድንበር ወደ ታች ሳይወርድ ባለበት ይቆያል፤ ሌንሱም ይወፍራል። ብርዱ በድንገት ሲበረታ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ድንበሩ ውኃው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ቀጥሎ ሌላ ሌንስ ከዝቅታው ላይ ይጀምራል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነው። መሬትን ይበልጥ የሚያነሣው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጣ ኃይለኛ ብርድ ሳይሆን፣ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለሳምንታት የሚቆይ ለዘብተኛ ብርድ ሊሆን ይችላል።

ኃይሉም ቀላል አይደለም። በንድፈ ሐሳብ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር በበረዶውና በውኃው መካከል ሊፈጠር የሚችለው የግፊት ልዩነት 1.1 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ110 ቶን በላይ ጭኖ እንደ ማንሣት ማለት ነው። የመለስተኛ ፎቅ መሠረት በአፈሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በአብዛኛው የዚህን አንድ አምስተኛ አያህልም። በመሬት ውስጥ ውኃው በበቂ ፍጥነት ስለማይደርስ ይህ ጣሪያ እምብዛም አይነካም፤ ከላይ ያለው ክብደት እብጠቱን ማዘግየቱም የተረጋገጠ ነው። ሆኖም «ቤቱ ከባድ ስለሆነ አያነሣውም» የሚለው አስተሳሰብ መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

አፈሩ ምን ዓይነት ነው?

እብጠት እንዲፈጠር ከዜሮ በታች የወረደ ሙቀት፣ በቅርብ ያለ የከርሰ ምድር ውኃ እና ውኃ የሚስብ አፈር በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መሬቱ አይነሣም ወይም የሚነሣው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው።

አሸዋና ጠጠር ክፍተታቸው ሰፊ ስለሆነ ውኃን ወደ ላይ የመሳብ አቅም የላቸውም። ሸክላ አፈር በተቃራኒው የመሳብ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን መንገዶቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ውኃው በውስጡ የሚጓዘው በዝግታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ሲልት የሚባለው ደቃቅ ደለል፣ ውኃን ለመሳብ በቂ ጥበት፣ ውኃን ለማሳለፍ ደግሞ በቂ ስፋት ስላለው ከሁሉም ይበልጥ ያብጣል። የአፈር ምህንድስና ሊቁ አርተር ካሳግራንዴ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው መለኪያ አሁንም ይጠቀሳል፤ በእርሱ መሠረት የቅንጣቶቹ መጠን የተደበላለቀ አፈር ከ0.02 ሚሊ ሜትር ያነሱ ቅንጣቶች ከ3 በመቶ በላይ ካሉበት ለእብጠት የተጋለጠ ነው። በዓይን ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል ጠጠር ይህን ያህል ደቃቅ አፈር በቀላሉ ሊይዝ ይችላልና ቁጥሩ ጥብቅ ነው። መለኪያው ግን የቅንጣት መጠንን እንጂ የማዕድኑን ዓይነትና የውኃውን ቅርበት አይመለከትም፤ ስለዚህ አስጊ ተብሎ የተለየ አፈር ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መሐንዲሶች ዛሬ እንደ መጀመሪያ ማጣሪያ ይጠቀሙበታል፤ ለከባድ ሥራ ግን አፈሩን በቤተ ሙከራ አቀዝቅዘው ይፈትኑታል።

እዚህ ላይ አንድ መደበላለቅን ማጥራት ያስፈልጋል። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈርም ቤትን ያነሣል፤ ይህ ግን ከብርድ ጋር ግንኙነት የለውም። የሚያብጠው የሸክላው ማዕድን ራሱ ነው። ለአንዱ የሚሠራ መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስንጥቁ በየትኛው ወቅት እንደሚሰፋና በየትኛው እንደሚጠብ ነው።

ድንጋይ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ

መሬቱ በሙሉ ተነሥቶ በሙሉ ቢመለስ ኖሮ በውስጡ ያለው ድንጋይም አብሮ ተነሥቶ አብሮ ይወርድ ነበር። ድንጋዩን ወደ ላይ የሚያስቀረው መነሣቱና መመለሱ እኩል አለመሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው መንገድ መጎተት ነው። በረዶው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የድንጋዩን አናት ቀድሞ ይይዘዋል፤ ከበረዶው ጋር የተጣበቀው ድንጋይም የላይኛው አፈር ሲነሣ አብሮ ይነሣል። የታችኛው ክፍሉ ገና በረዶ ባልያዘው ለስላሳ አፈር ውስጥ ስላለ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ከሥሩም ክፍተት ይፈጠራል። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ከጎኑ የተንሸራተተ ጭቃና ደቃቅ አፈር ክፍተቱን ይሞላዋል። ድንጋዩ በአንድ ዙር የሚያተርፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ዙሩ በየዓመቱ፣ በአንዳንድ ቦታም በዓመት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ሁለተኛው መንገድ መግፋት ነው። ድንጋይ ከአካባቢው አፈር ይልቅ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያሳልፍ፣ ከሥሩ ያለው አፈር በዚያው ጥልቀት ካለው ከሌላው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እዚያ የሚሠራው ሌንስ ድንጋዩን ከታች ይገፋዋል። የትኛው መንገድ እንደሚያመዝን ተመራማሪዎች ሲከራከሩበት ቆይተዋል፤ እንደ አፈሩ እርጥበት፣ እንደ ድንጋዩ ቅርጽና እንደ ቅዝቃዜው ፍጥነት መልሱ ይለያያል፤ ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ላይ አብረው ሊሠሩም ይችላሉ። ረዘም ያለ ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ቁመቱን ወደ ላይ አቅንቶ መገኘቱ መጎተቱ አናቱን ይዞ እንደሚያነሣው ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። የተለያየ መጠን ያለው እህል በዕቃ ሲወዘወዝ ትልልቁ ወደ ላይ የሚወጣበት ክስተትም ከዚህ ጋር ተዳብሎ ይነገራል፤ ያኛው የሚሆነው በመወዝወዝ ነው፣ ይኸኛው በበረዶ፤ በውጤት ቢመሳሰሉም አሠራራቸው የተለያየ ነው።

በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ አካባቢ በየእርሻው ዳር ተዘርግተው የሚታዩት ረጃጅም የድንጋይ ካቦች ገበሬዎቹ በየዓመቱ ከማሳቸው የለቀሙት ድንጋይ ናቸው። ድንጋዩ ወደዚያ አፈር የገባው የጥንት የበረዶ ግግሮች ትተውት ስለሄዱ ነው፤ ወደ ላይ ያወጣው ደግሞ በአብዛኛው ውርጭ ነው። ደኑ መመንጠሩም አግዞታል፤ ቅጠልና ብስባሽ ያልሸፈነው ራቁት መሬት በብርድ ጊዜ በረዶው ይበልጥ ጠልቆ ይገባበታልና። ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት በስቫልባርድ ደሴቶች ደግሞ ይኸው መነሣትና መመለስ ለረጅም ዘመን ሲደጋገም ድንጋዩን ከደቃቁ አፈር ለይቶ፣ ሰው ያበጀው እስኪመስል ድረስ፣ በክብ በክብ አሰልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኮምፒውተር ጥናት ክቡም፣ ባለ ብዙ ጎኑም፣ መስመሩም ቅርጽ ከዚሁ አንድ ሂደት ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል።

ለአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ነገሩ ከባድ መዘዝ አለው። ከታችኛው ንጣፍ የተገኘ ዕቃ ከላይኛው ይቀድማል የሚለው መርሕ ውርጭ በሚደጋገምበት ቦታ በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል፤ ዕቃዎቹ ከተቀበሩበት ንጣፍ ወደ ላይ ተሰደው ሊሆን ይችላልና። በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂየም እርሻዎች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ ያልፈነዱ የመድፍ ጥይቶች ዛሬም ከመሬት መውጣታቸውን ለውርጭ ብቻ የሚሰጡ አሉ። በዚያ አካባቢ ብርዱ ወደ ጥልቀት የሚዘልቅ ስላልሆነ፣ ከውርጩ ይልቅ የማረሻውን ድርሻ ማስበለጥ ለእውነቱ ይቀርባል።

ቋሚ፣ ፓይል (ወደ ምድር ጠልቆ የሚተከል የመሠረት ምሰሶ) እና የቤት መሠረት

በመሠረት ላይ ጉዳት የሚደርሰው በሁለት አቅጣጫ ነው። መሠረቱ በረዶ ከሚደርስበት ጥልቀት በላይ ካረፈ፣ ሌንሱ ከሥሩ ተሠርቶ በቀጥታ ያነሣዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው የብርዳማ አገሮች የግንባታ ሕግ ዝቅተኛ ጥልቀት የሚወስነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የሚኔሶታ ግዛት ሕግ ለደቡቡ ክፍል 1.07 ሜትር፣ ለሰሜኑ 1.5 ሜትር ገደማ ያዝዛል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የጎን መያዝ ነው። ግርጌው ከበረዶው ጥልቀት በታች ቢያርፍም እንኳ፣ ከላይ ያለው በረዶ የያዘ አፈር ከቋሚው ጎን ጋር ተጣብቆ ሲነሣ ይዞት ይነሣል። በምህንድስና መመሪያዎች ደቃቅ አፈር ከኮንክሪት ወይም ከእንጨት ጋር ሲጣበቅ 65 ኪሎ ፓስካል፣ ከብረት ጋር ሲጣበቅ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይታሰባል። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ምሰሶ በረዶ 1.2 ሜትር ድረስ በሚወርድበት ቦታ ቆሟል እንበል። ከበረዶው ጋር የሚነካካው የጎን ስፋት 1.13 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ላይ የሚጎትተው ኃይልም 7.5 ቶን የሚያህል ጭነት ለማንሣት ይበቃል። ምሰሶው 1.5 ሜትር ቢረዝም የራሱ ክብደት 250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ባዶ የእንጨት በረንዳ የሚጨምርበትም ከዚህ ኃይል ጋር የሚወዳደር አይደለም። በበረንዳና በአጥር ላይ ጉዳቱ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥልቀቱ ትክክል ሆኖ ጎኑ ግን ለበረዶው መያዣ ሆኖለታል። ግርጌው ሰፋ ብሎ ከታች የተያዘ ምሰሶ ደግሞ ፌሮ ከሌለው መሃል ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መጎተትን አይችልምና።

በሥራ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተትም ነገሩን ያባብሰዋል። ጉድጓዱ አፉ ላይ ሰፍቶ ሲቆፈርና ኮንክሪቱ ያለ ፎርም (ቅርጽ የሚያስይዝ ማቀፊያ) ሲሞላ፣ የምሰሶው አናት ዙሪያውን ከንፈር ያወጣል። በረዶው ከዚህ ከንፈር ሥር ገብቶ ሲያነሣው የጎን መያዝ እንኳ አያስፈልገውም።

የሚቀርቡት መፍትሔዎችና ክርክሮቻቸው

ምክንያቱ ሦስት ነገሮችን የሚጠይቅ ከሆነ፣ መፍትሔውም ከሦስቱ አንዱን መንፈግ ነው። የሚያጣላው የትኛውን መንፈግ ይሻላል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ወገን በጥልቀት ያምናል፤ ከበረዶው በታች ቆፍሮ መገንባት አስተማማኝ ነው ይላል። ለከባድና ሙቀት ለሚገባበት ቤት ይህ ለዘመናት ሠርቷል። የሠራበት አንዱ ምክንያት ግን ጥልቀቱ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ የሚወጣው ሙቀት በመሠረቱ ዙሪያ ያለውን አፈር በረዶ እንዳይዘው ማድረጉ ጭምር ነው። ለዚህም ነው ግንባታው ሳያልቅ ብርዱን ያለ ማሞቂያ የሚያሳልፍ ቤት፣ ወይም ባለቤቱ ዘግቶት የሄደ ቤት፣ ለዓመታት ላልታየበት ጉዳት በአንድ ወቅት የሚጋለጠው።

ሁለተኛው ወገን ሙቀትን መያዝ ይመርጣል። በኖርዲክ አገሮች ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በሰፊው የተሠራበት ዘዴ፣ ሙቀት የማያሳልፍ የፖሊስታይሪን ሰሌዳ በመሠረቱ ጎንና ከመሠረቱ ወደ ውጭ አግድም ዘርግቶ መቅበር ነው። የምድሩና የቤቱ ሙቀት ከሰሌዳው ሥር ስለሚታገት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ መሠረት እንኳ ሊበቃ ይችላል። ቁፋሮና ኮንክሪት ይቀንሳል። ደካማ ጎኑ ሰሌዳው ሲሰበር፣ ነፍሳት ሲበሉት ወይም ኋላ የመጣ ቆፋሪ ሲያነሣው ጥበቃው አብሮ መሄዱ ነው፤ ጉዳዩም ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም አያየውም።

አፈሩን መለወጥና ውኃውን ማራቅም አለ። አብጦ የሚያስቸግረው አፈር ተቆፍሮ በንጹሕ ጠጠር ሲተካ የውኃው መሳቢያ መንገድ ይቋረጣል። ነገር ግን በሸክላ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ዙሪያ ጠጠር መሙላት፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ ካልተበጀለት፣ ዝናቡን ሁሉ ወደ ቋሚው ሥር መሰብሰብ ይሆናል፤ በየቦታው የሚሰጠው «ጠጠር ጨምርበት» የሚለው ምክር አንዳንዴ ሠርቶ አንዳንዴ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ለቀላል ቋሚዎች በእኔ ግምት ከሁሉም በፊት ሊታሰብ የሚገባው የጎኑን መያዝ ማላቀቅ ነው፤ ጎኑን አለስልሶ በፕላስቲክ ወይም በሚንሸራተት ሽፋን መጠቅለልና ግርጌውን ከበረዶው በታች ማስፋት። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚነካውም ጉዳቱን በቀጥታ የሚያመጣውን ኃይል ነው።

በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣው ጉዳት

መንገድ የሚበላሸው በሚነሣበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በመመለሻው ነው። ብርዱ ሲያልፍ ሌንሶቹ የሚቀልጡት በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ነው። የላይኛው ውኃ ከሥሩ ያለው አፈር ገና በረዶ ስለያዘው መውረጃ አያገኝም፤ ከአስፋልቱ ሥር ያለው ንጣፍም ለሳምንታት ጭቃ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚያልፍ ከባድ መኪና በሌላ ወቅት ከሚያደርሰው እጅግ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። በርካታ የአሜሪካና የካናዳ ግዛቶች በመቅለጡ ሳምንታት በአንዳንድ መንገዶች ላይ የጭነት ልክ የሚቀንሱት ለዚህ ነው። የጭነት ባለንብረቶች ገደቡ ሥራቸውን እንደሚያስተጓጉል ያማርራሉ፤ መንገድ አስተዳዳሪዎች ደግሞ የጥገናውን ወጪ ያነሣሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ክርክሩ ገደቡ ይኑር አይኑር ከማለት አልፎ፣ ቀኑ በየዓመቱ በተወሰነ ጊዜ ይሁን ወይስ በመሬቱ ውስጥ በተቀበረ የሙቀት መለኪያ ንባብ ይወሰን ወደሚለው እየሄደ ነው።

ዓለም ስትሞቅ እብጠቱ ይቀንሳል?

ቀላሉ መልስ «ብርዱ ከቀነሰ እብጠቱም ይቀንሳል» የሚል ነው፤ በብዙ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አመዳይ (ከሰማይ የሚወርደው ነጭ በረዶ) በመሬት ላይ ሲከመር ብርዱን ይከላከላል፤ የአመዳዩ ንጣፍ ሲሳሳ አየሩ ቢሞቅም በረዶው ወደ አፈሩ ይበልጥ ሊጠልቅ ይችላል። አመዳይ የሚጠረግለት መንገድ ከአጠገቡ ካለው ሣር ይበልጥ የሚያብጠውም በዚህ ነው። ቀድሞ ብርዱን ሙሉ ሳይፈታ በሚያሳልፍ አካባቢም፣ ሙቀቱ በዜሮ ዙሪያ ሲዋልል የመርጋትና የመቅለጡ ዙር ሊበዛ ይችላል።

የፐርማፍሮስት አካባቢዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ፐርማፍሮስት ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ዓመታት በዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የቆየ መሬት ነው፤ ከእርሱ በላይ በየዓመቱ የሚቀልጥና ተመልሶ የሚረጋ «ንቁ ንጣፍ» አለ። በዚያ የተተከለ ፓይል ከታች በዘላቂው በረዶ ተይዟል፣ ከላይ በንቁው ንጣፍ ይጎተታል። መሬቱ ሲሞቅ የታችኛው መያዣ ይላላል፤ ንቁው ንጣፍ ግን ይወፍራል። ስለዚህ እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ ሙቀት መጨመሩ የሚያነሣውን ኃይል ያበረታዋል፣ የሚያስቀረውን ያዳክመዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የተገነባው የአላስካ የነዳጅ ቧንቧ፣ ከጠቅላላው 1,290 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመቱ ከግማሽ በላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄደው ሙቁ ነዳጅ ፐርማፍሮስቱን እንዳያቀልጠው ነው። በምሰሶዎቹ ውስጥ ከ120,000 በላይ የሙቀት ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው አሞኒያ ከታች የመሬቱን ሙቀት ወስዶ ይተናል፣ ላይ ወጥቶ በብርዱ አየር ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ሞተር የለውም፤ የሚሠራውም አየሩ ከመሬቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ቲቤቷ ከተማ ወደ ላሳ የተከፈተው የቺንግሃይ–ቲቤት የባቡር መሥመርም በአንዳንድ ክፍሎቹ በድንጋይ ክምር ላይ የተዘረጋው አየር በክፍተቶቹ እየተዘዋወረ መሬቱን እንዲያቀዘቅዘው ነው።

እያንዳንዱን አደጋ ለአየር ንብረት ለውጥ መስጠት ግን ያሳስታል። በሩሲያ ኖሪልስክ አጠገብ ግንቦት 29 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንክ ተደርምሶ 21,000 ቶን ገደማ ናፍጣ ሲፈስ፣ ባለቤት ኩባንያው መጀመሪያ የፐርማፍሮስቱን መቅለጥ ጠቀሰ። የአገሪቱ የቴክኒክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራ ግን በመሠረቱ ንድፍ፣ በግንባታውና በክትትሉ ጉድለት ላይ አተኮረ። ሁለቱ ማብራሪያዎች የግድ አይጋጩም፤ በደንብ ያልተሠራ መሠረት የመሬቱ ሙቀት ሲለወጥ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው።

ብርድ በሌለበት አገርም

የውርጭ እብጠት ብርዳማ አገሮችን ብቻ የሚመለከት ተደርጎ መታየቱም ትክክል አይደለም። በምድር ወገብ አካባቢ እንደ ኬንያ ተራራ ባሉ ከፍታዎች ሌሊት የሚበቅሉ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች አፈሩንና ጠጠሩን ያነሡታል፤ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣሉ። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሰው ሠራሽ ቅዝቃዜ ነው። ሥጋና ዓሣ ለማቆየት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚሠራ ማቀዝቀዣ መጋዘን ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ወለሉን ያቀዘቅዛል። በወለሉ ሥር ያለው ሙቀት ከላካይ ንጣፍ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ስለዚህ በረዶው በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ምድር ይወርዳል። ከሥር ደቃቅ አፈርና ውኃ ካገኘ፣ ውጭው ሙቀት ሠላሳ ዲግሪ ቢሆን እንኳ ሌንስ ይሠራል። ወለሉ መሃሉ ላይ ያብጣል፤ መደርደሪያዎች ይዘማሉ፤ በሮች አልዘጋ ይላሉ። የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሾችም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማቸዋል።

ጥበቃው በግንባታው ጊዜ ከወለሉ በታች አየር የሚያልፍበት ቱቦ፣ ሙቅ ፈሳሽ የሚዞርበት መስመር ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መቅበር ነው። ማሞቂያው ሲበላሽ ወዲያው የሚታይ ነገር ስለሌለ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ወለሉ መነሣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከወለሉ ሥር የሙቀት መለኪያ ቀብሮ ንባቡን በየጊዜው መመዝገብ ከማሞቂያው ያላነሰ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እብጠቱ ከተፈጠረ ደግሞ መጋዘኑን በአንድ ጊዜ አጥፍቶ ማቅለጥ አይመከርም። ሌንሶቹ በሚቀልጡበት ቦታ አፈሩ ለጊዜው ጭቃ ይሆናል፤ በአንድ ጥግ ቀድሞ ከቀለጠ ወለሉ በዚያ በኩል ይሰምጣል፤ በበረዶው ላይ ተነሥተው የነበሩ ምሰሶዎችም በተለያየ መጠን ይወርዳሉ። ስለዚህ ከሥር ሙቀት እየሰጡ፣ የምሰሶዎቹን ከፍታ በየጊዜው እየለኩ፣ ውኃው የሚወጣበት መንገድ እየተበጀለት በወራት ውስጥ ማቅለጥ ያስፈልጋል።